ሁለተኛው መስመር በክፉ ቀን እንዲሠራ፦ ለትንሽ ቢሮ መጠባበቂያ ኢንተርኔትና የማይቆራረጥ ጥሪ

ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። 20 ሰው የሚሠራበት ቢሮ ነው። «ኢንተርኔት የለም» አሉኝ። «ሁለት መስመር አላችሁ አይደል እንዴ?» አልኳቸው። «አለን፤ ሁለቱም ተሰክተዋል።»

ሄጄ ሳይ እውነታቸውን ነው። ፋይበሩም የሞባይል ኢንተርኔቱም ራውተሩ ላይ ተሰክተዋል። የፋይበሩ ሳጥን ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ራውተሩ ግን ምንም አልሰማም። ከእሱ እስከ ፋይበሩ ሳጥን ያለችው የአንድ ሜትር ኬብል ደህና ስለሆነች ዓለም ሰላም መስሎታል።

በእጄ ወደ ሞባይሉ አዞርኩት። «መጣ! መጣ!» ተባለ። 5 ደቂቃ አልቆየም። ስብሰባ ላይ የነበረች ልጅ ድምፅ እንደ ሮቦት ይቆራረጥ ጀመር። ሌላ ክፍል ያለ ላፕቶፕ ለካ የሠርግ ፎቶ ወደ ክላውድ እየጫነ ነው። በ50 ሜጋ ፋይበር ማንም ልብ የማይለው ሥራ ትንሿን መስመር ጥርቅም አድርጎ ዘጋት።

ያንን ራውተር ያዋቀረው ማን ነው? እኔው ነኝ።

የዚያን ቀን የገባኝን ይዤ ነው ይህን የምጽፈው። መስመር ሲበጠስ ወደ ሌላው መዞር አንድ ነገር ነው። ከዞሩ በኋላ ጥሪው ሳይቆራረጥ መቀጠል ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን ይተወዋል። ወይም ሁለተኛውን በትልቁ መስመር ልክ ያሰላዋል። ለስልክና ለስብሰባ «ይህን ያህል ተይዞላችኋል» የምትሉት ግን ትንሿ መስመር በምትችለው ልክ መሆን አለበት። ችግር ሲመጣ የምትቀረው እሷ ናት።

ምሳሌዬ በማይክሮቲክ ራውተር ነው። ራውተርኦኤስ 7 የሚባለውን ሲስተሙን የጫነ ይሁን። ዋጋው ለትንሽ ቢሮ አይከብድም፣ የሚያውቀው ባለሙያም አይጠፋም። ሌላ ራውተር ካላችሁ የቁልፎቹ ስም ይለያያል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

መንገዶቹ በእርግጥ ሁለት ናቸው?

ራውተሩን ከመንካታችሁ በፊት ወደ ውጭ ውጡና ኬብሉን በዓይናችሁ ተከተሉት። ሁለት መስመር ገዝታችሁ ሁለቱም በአንድ ምሰሶ ላይ ወይም በአንድ ቦይ ውስጥ ካለፉ አንድ ስካቫተር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይበጥሳቸዋል። ከሁለት ድርጅት መግዛትም ብቻውን አይበቃም። ማማና ኬብል መጋራት በቴሌኮም ሥራ የተለመደ ነው።

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 እ.ኤ.አ. አገልግሎት እስኪጀምር ድረስ ለእኛ ምርጫው ከአንድ ድርጅት ሁለት መስመር መውሰድ ነበር። አሁን ከሁለት መውሰድ ይቻላል። እኔ የምመርጠው አንዱ በመሬት ወይም በምሰሶ የሚመጣ ፋይበር፣ ሌላው በአየር የሚመጣ የሞባይል ዳታ ሆኖ ከተለያየ ድርጅት ሲሆን ነው። የሚበላሹበት ምክንያት ይለያያል። ፋይበርን ቁፋሮ ይበጥሰዋል። ሞባይልን የሰው ብዛት ያጨናንቀዋል። ሁለቱ በአንድ ሰዓት የመምጣት ዕድላቸው ትንሽ ነው።

የጋራ ጠላታቸው መብራት ነው። እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ልኩ

ፓኬጁ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እርሱት። ለሦስት የሥራ ቀናት፣ ጠዋት፣ ቀትርና ወደ ማታ፣ ሁለቱንም መስመሮች ለየብቻ ለኩ። ላፕቶፑን በኬብል አገናኙት። በዋይፋይ ከለካችሁ የምትለኩት ዋይፋዩን ነው። ዳውንሎዱንም አፕሎዱንም ጻፉ።

የዚያ ቢሮ የሞባይል መስመር አፕሎድ አንዴ 2.9፣ አንዴ 2.4፣ አንዴ 2 ሜጋ ቢት በሰከንድ ወጣ። ዳውንሎዱ በጣም በወረደበት ሰዓት 5 ነበር። አማካይ አታውጡ። ዝቅተኛውን ያዙ። ከዚያ ላይ 15 በመቶ ቀንሱ። አፕሎድ 1.7፣ ዳውንሎድ 4.2 ይሆናል። ማማው ባዶ በሆነ ሰዓት የተወሰነ ፍጥነት ታባክናላችሁ። ይባክን።

አሁን የሚያስፈልገውን አስሉ። በኢንተርኔት የሚደረግ አንድ የስልክ ጥሪ በተለመደው ጂ.711 ኮዴክ (ድምፁን ወደ ዳታ በሚቀይረው ዘዴ) በሰከንድ 50 ፓኬት፣ ማለትም ትንንሽ የዳታ ጥቅል፣ ይልካል። በእያንዳንዱ ፓኬት ውስጥ 160 ባይት ድምፅ አለ። 40 ባይት ደግሞ የአድራሻ ማሸጊያ ነው። ተባዝቶ 80 ኪሎ ቢት በሰከንድ ይመጣል። የኢተርኔቱ ሲጨመር 87 ገደማ ነው። 100 በሉትና 5 ጥሪ 500 ኪሎ ቢት ይሆናል። ዙም በጥሩ ጥራት የሁለት ሰው ቪዲዮ ጥሪ 600 ኪሎ ቢት ይፈልጋል። ወደ 720ፒ ከፍ ሲል 1.2 ሜጋ ይጠይቃል።

5 ጥሪና አንድ የ720ፒ ስብሰባ አንድ ላይ 1.7 ሜጋ ሆነ። ያለን ሁሉ አለቀ ማለት ነው። ለኢሜይል እንኳ አልተረፈም። ስለዚህ ለቢሮው በግልጽ ነገርኳቸው፤ በሞባይሉ በምትሠሩበት ቀን አንድ ስብሰባ ብቻ፣ እሱም ያለ ከፍተኛ ጥራት። እንዲህ ያለ ንግግር ከራውተሩ ሥራ ይቀድማል። በሌለ ፍጥነት ቃል መግባት አይቻልም።

ራውተሩ ከሳጥኑ አሻግሮ እንዲያይ ማድረግ

የምሳሌያችን አድራሻዎች እነዚህ ናቸው። የፋይበሩ ሳጥን 192.168.1.1 ነው፤ ኤተር 1 ላይ ተሰክቷል። የሞባይሉ ሞደም 192.168.8.1 ነው፤ ኤተር 2 ላይ ተሰክቷል። የቢሮው ውስጥ ኔትወርክ 192.168.88.0/24 ነው።

በዊንቦክስ፣ በማይክሮቲክ ማዋቀሪያ ፕሮግራም፣ ግቡ። ማይክሮቲክ ከፋብሪካ ሲመጣ ኤተር 2ን ከውስጥ ኔትወርክ ጋር አያይዞት ነው። ብሪጅ፣ ከዚያ ፖርትስ ውስጥ ገብታችሁ ኤተር 2ን አስወጡት። ቀጥሎ ኢንተርፌስስ ውስጥ ኢንተርፌስ ሊስት አለ። እዚያ ኤተር 2ን ዋን (WAN፣ የውጭ መስመሮች) የሚለው ዝርዝር ውስጥ ጨምሩት። ይህን ከዘለላችሁ ፋየርዎሉ ሞባይሉን እንደ ውስጥ ሰው ያምነዋል፤ የአድራሻ መለወጫው ናትም አይሠራለትም።

ለኤተር 1 192.168.1.2/24፣ ለኤተር 2 192.168.8.2/24 ቋሚ አድራሻ ስጡ። ኤተር 1 ላይ ያለውን የዲኤችሲፒ ክላየንት (አድራሻ በራሱ የሚቀበለውን) አጥፉት። ካላጠፋችሁት የራሱን መንገድ እየጨመረ የእናንተን ያበላሻል።

አሁን ወደ ዋናው። አይፒ፣ ከዚያ ራውትስ። ብዙ ሰው እዚህ ጌትዌዩን (የመውጫ በሩን) 192.168.1.1 ብሎ፣ ቼክ ጌትዌይ የሚለውን ፒንግ («አለህ?» ብሎ መልስ መጠበቅ) አድርጎ ይጨርሳል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። የሐሙሱ ቀን ጥፋት ይኸው ነው። ራውተሩ ፒንግ የሚያደርገው ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሳጥን ነው። ፋይበሩ 3 ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ቢበጠስ ሳጥኗ «አለሁ» ማለቷን አታቆምም።

መፍትሔው ሩቅ ያለ አድራሻን ምስክር ማድረግ ነው። አራት መንገድ ጻፉ። ዲስታንስ የመንገዱ ተራ ነው፤ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል።

1. መድረሻ 8.8.4.4፣ ጌትዌይ 192.168.1.1፣ ስኮፕ 10።
2. መድረሻ 1.0.0.1፣ ጌትዌይ 192.168.8.1፣ ስኮፕ 10።
3. መድረሻ 0.0.0.0/0፣ ጌትዌይ 8.8.4.4፣ ዲስታንስ 1፣ ታርጌት ስኮፕ 11፣ ቼክ ጌትዌይ ፒንግ።
4. መድረሻ 0.0.0.0/0፣ ጌትዌይ 1.0.0.1፣ ዲስታንስ 2፣ ታርጌት ስኮፕ 11፣ ቼክ ጌትዌይ ፒንግ።

ትርጉሙ ይህ ነው። «8.8.4.4 ጋ የሚደረሰው በፋይበር ብቻ ነው። ዓለም ሁሉ ጋ የሚደረሰው በ8.8.4.4 በኩል ነው።» 8.8.4.4 የጉግል ነው፤ በእርግጥ የእኛን ፓኬት አያመላልስልንም። ራውተሩ ሰንሰለቱን ተከትሎ ወደ 192.168.1.1 ነው የሚልከው። ፒንጉ ግን እስከ ጉግል ሄዶ ይመለሳል። ካልተመለሰ ሦስተኛው መንገድ ይጠፋል፤ አራተኛው ይረከባል። ስኮፕና ታርጌት ስኮፕ የሚባሉት ቁጥሮች ይህንን ሰንሰለት የሚፈቅዱ ናቸው። ታርጌት ስኮፑን 10 ላይ ከተዋችሁት በራውተርኦኤስ 7 መንገዱ ሥራ ላይ አይውልም። ስንት ሰው ራሱን የነቀነቀበት ቦታ ነው።

ፒንጉ በየ10 ሰከንዱ ነው። ሁለት ጊዜ መልስ ከጠፋ መስመሩ እንደሞተ ይቆጠራል። ስለዚህ ከመበጠስ እስከ መዞር 20 ሰከንድ ገደማ ጠብቁ።

አሁን አንድ ወጥመድ ላሳያችሁ። 8.8.4.4ን ከፋይበር ጋር አስረነዋል። ፋይበሩ ሲሞት 8.8.4.4 አብሮ ይሞታል። አንድ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ላይ ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይርለትን) 8.8.4.4 ብሎ ሞልቶት ከነበረ፣ መስመሩ በሰላም ወደ ሞባይሉ ዞሮ እሱ ብቻ «ኢንተርኔት የለም» እያለ ይጮኻል። ስለዚህ ምስክር ያደረጋችሁትን አድራሻ ለዲኤንኤስ አትጠቀሙበት። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ዲኤንኤስ ከራውተሩ ይጠይቁ። ራውተሩ ደግሞ 8.8.8.8ንና 1.1.1.1ን ይጠይቅ።

አንድ ምስክር ብቻ ማመንም አይመቸኝም። 9.9.9.9ንም በፋይበሩ በኩል እሰሩትና ሌላ ዋና መንገድ በዲስታንስ 2 ጨምሩ። የሞባይሉን ወደ 3 አውርዱት። ያኔ 8.8.4.4 ለብቻው መልስ ቢያጣ ቢሮው በከንቱ ወደ ትንሿ መስመር አይሰደድም።

ተጣብቀው የሚቀሩት

መስመሩ ዞሯል፣ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ የጠረጴዛ ስልኮቹ ግን ዝም ብለዋል። ራውተሩ እያንዳንዱን ኮኔክሽን በየትኛው አድራሻ እንዳስወጣው መዝግቦ ይይዛል። የጠረጴዛ ስልክ ደግሞ በየጥቂት ሰከንዱ ለማዕከሉ «አለሁ» ይላል። መዝገቡ ሊሰረዝ ሲል ስልኩ ያድሰዋል። ውጤቱ፣ የስልኩ ፓኬት በሞባይሉ በኩል ይወጣል፤ የያዘው አድራሻ ግን የፋይበሩ ነው። መልስ አይመጣም። ኬብሉን ነቅላችሁ ብትሞክሩ ራውተሩ ራሱ መዝገቡን ያጸዳው ነበር። ኬብሉ እንደተሰካ ሩቅ ሲበጠስ ግን አያጸዳም።

በእጅ ለማጽዳት አይፒ፣ ፋየርዎል፣ ኮኔክሽንስ ግቡ። ወደ ፖርት 5060 (ስልኮቹ የሚመዘገቡበት በር) የሚሄዱትን የዩዲፒ ኮኔክሽኖች መርጣችሁ ሰርዙ። ስልኮቹ በሚቀጥለው «አለሁ» በአዲሱ መንገድ ይመዘገባሉ። ይህን ሥራ ለኔትዎች መስጠት ይሻላል። ቱልስ ውስጥ ነው ያለው። 8.8.4.4ን እንዲጠብቅ አድርጉት። ሲወድቅም ሲነሣም እነዚያን ኮኔክሽኖች የሚሰርዝ አንድ መስመር ስክሪፕት ስጡት። ሲነሣ የሚለውን አትርሱ። አለበለዚያ ፋይበሩ ከተመለሰ በኋላም ስልኮቹ ሞባይሉ ላይ ተጣብቀው ኮታ ሲበሉ ይውላሉ።

እግረ መንገዴን፣ እየተነገረ ያለውን ጥሪ ይህ ዘዴ አያድነውም። የውጭ አድራሻችሁ ሲቀየር ጥሪው ይቋረጣል። የሚድነው ቀጣዩ ጥሪ ነው። ትልልቅ የቴሌኮም ኔትወርኮች መንገድን አስቀድመው አዘጋጅተው በ50 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ስለሚያዞሩ ተናጋሪው አይሰማውም። እነሱ ጋ ግን ሁለቱም መንገድ የራሳቸው ነው።

ተራ አስከባሪው የት ይቁም?

መገናኛ ታክሲ ተራ ላይ ያለውን ተራ አስከባሪ አስቡ። ሰልፉ እሱ ፊት ስለሆነ ነፍሰ ጡር ስትመጣ «እሷ ትቅደም» ማለት ይችላል። እሱን ወስዳችሁ ሰልፍ የሌለበት መንገድ ላይ ብታቆሙትስ? ሥራ የለውም።

የእናንተ ራውተር ያለ ማስተካከያ ሰልፍ የሌለበት ቦታ ነው የቆመው። ከራውተሩ እስከ ሞደሙ ያለው ኬብል 1,000 ሜጋ ይሸከማል። ሰልፉ የሚሠራው ሞደሙ ውስጥ ነው። እዚያ ተራ አስከባሪ የለም፤ የመጣ ሁሉ ይሰለፋል። ሞደሙ ግማሽ ሜጋ ባይት ቢያከማች፣ በ2 ሜጋ ቢት መስመር ያንን ለማስወጣት 2 ሰከንድ ይፈጃል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ ንግግር የሚመክረው በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ያልበለጠ መዘግየት ነው። የሠርግ ፎቶው የልጅቷን ድምፅ የቆራረጠው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ሰልፉን ወደ ራሳችን እናመጣዋለን። ራውተሩ ከመስመሩ ትክክለኛ ፍጥነት ጥቂት ዝቅ ብሎ እንዲልክ ካደረግነው ሞደሙ ባዶ ይሆናል፤ ሰልፉ ራውተሩ ውስጥ ይሠራል። ቅድም የቀነስናት 15 በመቶ ለዚህ ናት።

በመጀመሪያ አይፒ፣ ፋየርዎል፣ ፊልተር ሩልስ ውስጥ ፋስትትራክ የሚለውን ሕግ አጥፉ። ፓኬቶቹን በአቋራጭ ስለሚያሳልፍ ተራ አስከባሪውን አያዩትም። ይህን ረስቶ «ኪው (ሰልፉ) አይሠራም» የሚል ሰው በየሳምንቱ አገኛለሁ። ሲያጠፉት የራውተሩ ሲፒዩ ሥራ ይበዛበታል፤ አሮጌና ደካማ ከሆነ ፍጥነቱን ተመልከቱ።

ቀጥሎ ፓኬቶችን መለየት። ማንግል (የፋየርዎሉ ምልክት ማድረጊያ) ውስጥ፣ ፎርዋርድ የሚለው ሰንሰለት ላይ ነው። ኮኔክሽኖቹን በሦስት መደብ ምልክት አድርጉ።

ድምፅ፦ ለጠረጴዛ ስልኮቹ ከ192.168.88.200 እስከ 219 ቋሚ አድራሻ ስጧቸው። ከእነዚህ የሚነሣ ሁሉ ድምፅ ነው።

ስብሰባ፦ መድረሻው የዩዲፒ ፖርት ከ8801 እስከ 8810 ከሆነ ዙም ነው። ከ3478 እስከ 3481 ቲምስ ነው። ከ19302 እስከ 19309 ጉግል ሚት ነው።

ሌላ፦ የቀረው ሁሉ።

ስሞቹን ራውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ጻፏቸው። ከዚያ በኮኔክሽኑ ምልክት ላይ ተመሥርታችሁ ፓኬቶቹን ምልክት አድርጉ። ለወጪው በመደብ አንድ፣ በድምሩ ሦስት ምልክት ይበቃል። ለገቢው ግን በኤተር 1 የገባውንና በኤተር 2 የገባውን ለዩት። ስድስት ይሆናል። አሰልቺ ነው፤ ግን አንድ ቀን ነው የምትሠሩት። የኮኔክሽኑ ሕግ ላይ ፓስትሩ የሚለው ይከፈት፤ የፓኬቱ ላይ ይዘጋ።

አሁን ኪውስ፣ ኪው ትሪ (የሰልፍ ዛፍ)። ለኤተር 2 ወጪ አንድ ወላጅ ፍጠሩ፤ ማክስ ሊሚቱ (ጣሪያው) 1.7 ሜጋ። በሥሩ ሦስት ልጆች።

ድምፅ፦ ፕራዮሪቲ 1፣ ሊሚት አት 500 ኪሎ፣ ማክስ ሊሚት 800 ኪሎ።
ስብሰባ፦ ፕራዮሪቲ 2፣ ሊሚት አት 700 ኪሎ፣ ማክስ ሊሚት 1.4 ሜጋ።
ሌላ፦ ፕራዮሪቲ 8፣ ሊሚት አት 300 ኪሎ፣ ማክስ ሊሚት 1.5 ሜጋ።

ሊሚት አት ማለት ማንም የማይነካባችሁ ድርሻ ነው። የሦስቱ ድምር 1.5 ሜጋ ነው፤ ከወላጁ አይበልጥም። ቢበልጥ ኖሮ ከንቱ ተስፋ ነበር። ፕራዮሪቲ የሚሠራው ሁሉም ድርሻውን ካገኘ በኋላ በተረፈው ላይ ነው። 1 ይቀድማል፣ 8 ይከተላል። ሌላ ለሚለው ደግሞ የሰልፉን ዓይነት ኤፍኪው ኮደል አድርጉት። አንድ ላፕቶፕ ሌሎቹን አፍኖ እንዳይይዝ በመካከላቸው ያካፍላል። ለሌላ መደብ ዜሮ የሚሰጥ ሰው አይቻለሁ። አታድርጉት። ድረ ገጹም ኢሜይሉም እዚያ ውስጥ ነው፤ እሱ ከታፈነ የቢሮው ሥራ ይቆማል።

ለኤተር 1ም ተመሳሳይ ዛፍ በፋይበሩ ልክ ሥሩ። የድምፅ ድርሻ ያው 500 ኪሎ ነው። ስልኩ በፋይበርም በሞባይልም የሚበላው እኩል ነው። የሚለያየው የሌላው ድርሻ ነው። ገቢው በብሪጁ ላይ ይሠራል፤ ሁለት ወላጅ፣ አንዱ የፋይበር ምልክት ላላቸው፣ አንዱ የሞባይል ምልክት ላላቸው።

የዚህ አሠራር ጥቅም መስመሩ ሲዞር የሚቀየር ነገር አለመኖሩ ነው። ስክሪፕት አያስፈልግም። ፓኬቱ በኤተር 2 ከወጣ የኤተር 2ን ዛፍ ያገኛል። ድርሻው አስቀድሞ እዚያ ይጠብቀዋል።

በሞባይሉ ቀን ደግሞ ጨርሶ የማይፈቀዱ ነገሮች አሉ። ወደ ክላውድ የሚቀዱ የጥበቃ ካሜራዎችና የሌሊት ባክአፕ ናቸው። ካሜራ አፕሎድ ነው የሚበላው፤ እሱም ቀን ከሌት። ፊልተር ሩልስ ውስጥ የካሜራዎቹን አድራሻ በኤተር 2 እንዳይወጡ ከልክሉ። ፋይበሩ ሲመለስ ራሳቸው ይቀጥላሉ። ኮታችሁም ይተርፋል።

የዚህ ሁሉ ጥበቃ ወሰኑ የእናንተ በር ነው። ፓኬቱ ከሞደሙ ከወጣ በኋላ በሕዝብ ኢንተርኔት ላይ ማንም «ይህ ድምፅ ነው፣ ይቅደም» አይልላችሁም። ፓኬቱ ላይ የቅድሚያ ምልክት ብትለጥፉበትም በመንገድ ላይ የሚያከብረው የለም። ከዚያ በላይ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት በውል የተጻፈ የአገልግሎት ደረጃ ያለው የግል መስመር መግዛት አለበት። ለትንሽ ቢሮ ግን ከልምዴ አብዛኛው መጨናነቅ የሚፈጠረው እዚያው ደጃፍ ላይ ነው።

መብራት ሲሄድ

ሁለት መስመር፣ አንድ ሶኬት። ይህን ስንት ቦታ እንዳየሁት! ጄኔሬተር ቢኖርም እስኪነሣ ያለው አንድ ደቂቃ ሁሉንም ያጠፋል፤ ሳጥኖቹ ተነሥተው እስኪገናኙ ሌላ ጥቂት ደቂቃ ይሄዳል።

የፋይበሩ ሳጥን፣ ሞደሙ፣ ራውተሩና ትንሽ ስዊች አንድ ላይ 25 ዋት ገደማ ይወስዳሉ ብንል፣ 12 ቮልት 7 አምፒር አወር ባትሪ ያለው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ሳጥን) 84 ዋት አወር አለው። 60 በመቶውን ብንጠቀም 2 ሰዓት ያህል ይይዛል። ዩፒኤሱ ላይ ፕሪንተር እንዳይሰካ ተጠንቀቁ። አንድ ቀን ሰው ይሰካዋል። ሶኬቱን በፕላስተር ዝጉት።

ራውተሩ ራሱ ቢቃጠልስ? ሁለት ራውተር ገዝቶ ቪአርአርፒ በሚባለው ማጣመር ይቻላል። ሁለቱ አንድ አድራሻ ይጋራሉ፤ ዋናው በየሰከንዱ «አለሁ» ይላል፤ ዝም ሲል ተጠባባቂው ከ3 እስከ 4 ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ ይረከባል። ለ20 ሰው ቢሮ ግን እኔ የምመክረው ተመሳሳይ ራውተር ገዝቶ፣ ያንኑ ማዋቀሪያ ጭኖ፣ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

ነቅላችሁ ፈትኑ

ኬብሉን ከኤተር 1 ነቅሎ «ሠራ!» ማለት ፈተና አይደለም። ያ ቀላሉ ነው። ትክክለኛው የፋይበሩን አረንጓዴ መሰኪያ ከሳጥኑ ጀርባ መንቀል ነው። የኢተርኔት ኬብሉ እንደተሰካ ይቆይ። ቀይዋ መብራት ትበራለች። ሐሙስ ዕለት የሆነው ይኸው ነበር። የመሰኪያውን ጫፍ በጣት አትንኩት፣ ወደ ውስጥም በዓይን አትመልከቱ። የአቧራ ክዳኑን አድርጉለት።

ሰዓት ያዙ። 20 ሰከንድ ገደማ ላይ ድረ ገጽ መከፈት አለበት። ከጠረጴዛ ስልክ ደውሉ። ጥሪው እየሄደ ሌላ ሰው ከላፕቶፕ ትልቅ ፋይል ወደ ክላውድ ይጫን። ድምፁ ካልተቆራረጠ ዛፉ ሠርቷል። ከተቆራረጠ ኪው ትሪውን ክፈቱና የትኛው መደብ እንደሚቆጥር እዩ። ድምፅ ላይ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ምልክቱ አልያዘም፤ አብዛኛውን ጊዜ የማንግል ሕጎቹ ቅደም ተከተል ነው። ምልክቱ ይዞ አሁንም የሚቆራረጥ ከሆነ የወላጁን ቁጥር ወደ 1.5 አውርዱት። ከዚያ ፋይበሩን መልሱና የመመለሻውንም ጊዜ ያዙ።

ሁልጊዜ የሚረሳው ተጠባባቂው ነው። ሲም ካርዱ ላይ ያለው ፓኬጅ ያልቃል፤ ማንም አያውቅም፤ ፋይበሩ ሲበጠስ ሁለቱም የሉም። ኔትዎች 1.0.0.1ንም ይጠብቅ፤ ሲወድቅ በቴሌግራም ቦት መልእክት ይላክ። ፋይበሩ ደህና ስለሚሆን መልእክቱ ይደርሳል።

እዚያ ቢሮ አሁን ፈተናውን የምትሠራው እንግዳ ተቀባይዋ ናት። የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት። የትኛውን መሰኪያ እንደምትነቅል አረንጓዴ ፕላስተር ለጥፌላታለሁ። ሁለት መልእክት ትልክልኛለች፤ «ዞረ፣ 22 ሰከንድ» እና «ተመለሰ»። ባለፈው ወር ሦስተኛ ጨመረች፤ «ፕሪንተሩን ዩፒኤሱ ላይ ማን ሰካው?»